ቶማስ ሚጅሊ፤ ሽታ የሌለውን ጋዝ የፈጠረው ሰው



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ታሪክ የንጉሥ ወይም የጦር አዛዥ ታሪክ አይደለም። ዙፋን ያልነበረው፥ ሠራዊት ያላዘዘ፥ ዳሩ ግን የእጁ ሥራ ከምንተነፍሰው አየር አልፎ እስከ ላይኛው ሰማይ ድረስ የደረሰ ያንድ ኢንጂኒየር ታሪክ ነው። ስሙ ቶማስ ሚጅሊ ይባላል፤ አገሩ አሜሪካ ነው። ከሞተ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሆንም ሥራው ገና አላለቀም፤ ምናልባትም ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ባንዳንዶቻችሁ ወላጆች ቤት ዛሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኝ ይሆናል።

ታሪኩን እንድንመረምር ያነሣሣን ነገር ትንሽ ነው። ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከመካከላችን ጥቂቶቹ ወደ ድሬዳዋ ወርደን ባንድ አጎታችን ቤት ሰንብተን ነበር። ባዲስ አበባ ብርድ ሹራብ ደርቦ ለሚማር ሰው የድሬዳዋ ሙቀት ምን እንደ ሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው አሮጌ የአየር ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ እያጓራ ይሠራል፤ የሚነፍሰው ነፋስ ግን ለብ ያለ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠጋኝ ተጠርቶ መጣ። ካመጣው ሲሊንደር ጋዝ ሞላበት፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ሌሊቱን ቤቱ ቀዘቀዘልን፤ እኛም ደስ ብሎን ተኛን።

በማግሥቱ አጎታችን ይህ ነገር በየዓመቱ የሚደረግ መሆኑን፥ ለፋኖስ ላምባ እንደሚጨመር ሁሉ ለመኪናውም ጋዝ እንደሚጨመርለት አጫወቱን። በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተነሣብን። ላምባ ይነዳል፥ ስለዚህ ያልቃል። ይህ ጋዝ ግን አይነድም፤ በመዳብ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ይዞራል እንጂ። እንግዲህ የአምናው ጋዝ የት ሄደ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ጋዙን ማን እንዳስገኘው ስንፈልግ ሚጅሊን አገኘነው። የሕይወቱን ታሪክ ባነበብን መጠን ደግሞ ያው የኛ ጥያቄ፥ የት ሄደ የሚለው፥ ከሥራው ሁሉ ኋላ ኋላ ሲከተለው እንደ ነበረ አየን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ልደቱና ትምህርቱ

ቶማስ ሚጅሊ ሜይ 18 ቀን 1889 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ሀገር ቢቨር ፎልስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱም ቶማስ ሚጅሊ ይባል ነበር፤ እርሱም የአውቶሞቢል ጎማን በማሻሻል የደከመ ፈልሳፊ ነበረ። ልጁ ያደገው በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በኮሎምበስ ከተማ ነው። ከዚያም ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1911 ዓ.ም. በመካኒካል ኢንጂኒየሪንግ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ኬሪ ሬይኖልድስ የምትባለውን አገባ።

እዚህ ላይ ተማሪ የሆነ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በኋላ ያሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሰው ይህ ሰው የተመረቀው በኬሚስትሪ አልነበረም። ኬሚስትሪን የተማረው ሥራ ላይ ሆኖ፥ መጽሐፉን በግራ እጁ፥ ብልቃጡን በቀኝ እጁ ይዞ ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህም በሙያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሊሞክሩት የማያስቡትን ነገር ይሞክር ነበር። ይህ ጠባዩ ለታላቅነቱም ለጥፋቱም ምክንያት ሆነ ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ በዴይተን ከተማ ናሽናል ካሽ ሬጂስተር በሚባለው የገንዘብ መቁጠሪያ መኪና ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ቀጥሎም ካባቱ ጋር በጎማ ሥራ ላይ ቆየ። በ1916 ዓ.ም. ግን ወደ ቻርልስ ኬተሪንግ የምርመራ ክፍል ገባ። ኬተሪንግ አውቶሞቢል በእጅ መዘወሩ ቀርቶ በኤሌክትሪክ እንዲነሣ ያደረገ ስመ ጥር ፈልሳፊ ነው። የምርመራው ክፍል ኋላ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ንብረት ሆነ፤ ሚጅሊም ሁለቱን ታላላቅ ሥራዎቹን የሠራው በዚሁ ኩባንያ ጥላ ሥር ነው።

የመጀመሪያው ሥራ

በዚያ ዘመን የአውቶሞቢል ሞተር ዳገት ሲወጣ ወይም ጭነት ሲበዛበት በመዶሻ የተመታ ያህል ያንኳኳ ነበር። ቤንዚኑ በጊዜውና በሥርዓቱ በመንደድ ፈንታ ያለጊዜው ስለሚፈነዳ ሞተሩ ኃይሉን ያጣል፤ ሲደጋገምም ይሰበራል። ኬተሪንግ ለዚህ መድኃኒት እንዲፈልግ ሚጅሊን አዘዘው። ሚጅሊም ለዓመታት ያገኘውን ንጥረ ነገር ሁሉ ከቤንዚን ጋር እየቀላቀለ ሞከረ። አዮዲን ጥቂት ረዳ፤ ዋጋው ግን የማይቀመስ ሆነ። ቴሉሪየም ደህና ሠራ፤ ነገር ግን ሽታው በልብስና በገላ ላይ እየተጣበቀ ሠራተኛውን ሰው የማያስጠጋው አደረገ። በመጨረሻ በዲሴምበር 1921 ዓ.ም. ቴትራኤቲል ሌድ የሚባለውን፥ እርሳስ ያለበትን ፈሳሽ ሞከረ። ከዚህ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ማንኳኳቱን ጸጥ አደረገው።

በፌብሩዋሪ 1923 ዓ.ም. ይህ ቤንዚን በዴይተን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸጠ። የተሰጠው የንግድ ስም ኤቲል የሚል ብቻ ነበረ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ አልገባም። ይህ ያለ ምክንያት አይመስለንም። እርሳስ መርዝ መሆኑን የሰው ልጅ ካወቀ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህም በላይ አልኮል ማንኳኳቱን እንደሚከላከል ሚጅሊና ጓደኞቹ ያውቁ ነበር። ነገር ግን አልኮል ማንም ገበሬ ከእህል ሊያወጣው ስለሚችል ለብቻ ይዞ ለመነገድ አይመችም።

ሚጅሊ ራሱ በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በእርሳሱ ታመመ፤ ንጹሕ አየር ለመተንፈስም ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ ለጊዜው ዐረፈ። በ1924 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ባለ አንድ ማጣሪያ ውስጥ ፈሳሹን የሚያዘጋጁ ሠራተኞች አእምሯቸው እየታወከ፥ የሌለ ነገር እየታያቸው ወደቁ፤ አምስቱ ሞቱ። ከዚያ ውጭ በሌሎች ፋብሪካዎችም ሞት ነበረ። ሕዝቡ በተሸበረ ጊዜ ሚጅሊ በኦክቶበር 30 ቀን 1924 ዓ.ም. ጋዜጠኞችን ሰብስቦ በፊታቸው እጁን በዚያ ፈሳሽ ታጠበ፤ ሽታውንም ለ60 ሰከንድ ያህል ሳበው። ይህን ያደረገው አንድ ጊዜ ታሞ የዳነው ያው ሰው ነው። በ1925 ዓ.ም. ሽያጩ ለጊዜው ታገደ፤ በዓመቱ ግን ተመልሶ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ዓለምን ሁሉ አዳረሰ፤ በየመንገዱ የሚጫወቱ ሕፃናትም እርሳሱን ባየር ተነፈሱት። አልጄሪያ የመጨረሻዋ አገር ሆና በመኪና መንገድ ላይ መሸጡን ያቆመችው በ2021 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ሥራ

አሁን ወደ ድሬዳዋው መኪና ታሪክ እንመለስ። አንድ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ባጠገቡ ያለውን ሙቀት ይወስዳል። አልኮል ወይም ኤተር በእጃችን ላይ ሲፈስ የሚቀዘቅዘን ስለዚህ ነው። ማቀዝቀዣ መኪናም ይህንኑ ያደርጋል። በቤት ውስጥ ባለው ቱቦ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ተለውጦ የቤቱን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ጨምቆ ወደ ውጭው ክፍል ይገፋዋል፤ እዚያም ሙቀቱን ለደጁ አየር ትቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በጠባብ ቀዳዳ አልፎም እንደገና ወደ ቤት ይገባል። እንዲህ እያለ ያው አንድ ጋዝ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስ ለብዙ ዓመታት ይዞራል።

በ1920ዎቹ ዓመታት በዚህ ቱቦ ውስጥ የሚዞሩት ጋዞች ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፥ ሜቲል ክሎራይድና አሞኒያ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ መርዝ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ይነዳሉ። ቱቦው በሌሊት ካፈሰሰ ቤተሰብ ሁሉ በተኛበት ሊሞት ይችላል፤ ሞቶም ያውቃል። በበርሊን ከተማ አንድ ቤተሰብ እንዲህ ማለቁን በጋዜጣ ያነበበው አልበርት አይንስታይን እጅግ አዘነ። ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖም ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው፥ ስለዚህም የሚያፈስ መገጣጠሚያ የማያስፈልገው ማቀዝቀዣ ለመሥራት ደከመ። የነሱ መኪና ገበያ ላይ ሳይውል ቀረ።

አንባቢ ሆይ፥ ልዩነቱን ተመልከት። አይንስታይንና ዚላርድ ቀዳዳውን ለመድፈን አሰቡ። ሚጅሊ ግን ጋዙ ቢያፈስም ማንንም የማይጎዳ እንዲሆን አሰበ። ሁለቱም አሳብ መልካም ነው። ያሸነፈው የሚጅሊ አሳብ ነበር፤ ነገር ግን ባሸነፈበት ቀን ዓለም የቱቦ ማፍሰስን ከቁም ነገር መቁጠሩን ተወ።

በ1928 ዓ.ም. የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የሆነው ፍሪጂዴር፥ መርዝ ያልሆነና የማይነድ ጋዝ እንዲገኝለት በኬተሪንግ በኩል ጠየቀ። ሚጅሊ ከአልበርት ሄኔና ከሮበርት ማክኔሪ ጋር ሆኖ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ዘረጋ። ካንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ የመንደድ ጠባይ እንደሚቀንስ፥ ከከባዶቹ ወደ ቀላሎቹ ሲሄዱም መርዝነት እንደሚቀንስ ተመለከተ። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት በፍሎሪን ላይ ነው። ፍሎሪን ለብቻው እጅግ አደገኛ በመሆኑ ወደዚያ መሄድ ለብዙ ሰው እብደት ይመስል ነበር። ሚጅሊ ግን ከካርቦን ጋር ጸንቶ ከታሰረ አደጋው ይጠፋል ብሎ ገመተ።

ለመጀመሪያው ሙከራ አንቲሞኒ ትራይፍሎራይድ የሚባል ቅመም አምስት ትንንሽ ጠርሙስ ተገዛ። ካምስቱ አንዱን እንዳጋጣሚ አንሥተው ጋዙን ሠሩ፤ ጊኒ ፒግ የሚባለውን ትንሽ እንስሳም በመስተዋት ክዳን ሥር አድርገው አስተነፈሱት። እንስሳው ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን ጠርሙስ ከፍተው በሠሩት ጋዝ ግን ሌላው እንስሳ ሞተ። ቢመረምሩት ከመጀመሪያው በቀር የቀሩት አራት ጠርሙሶች እርጥበት ያለበት ቅመም ይዘው ኖሮ ፎስጂን የሚባለውን ገዳይ ጋዝ አስገኝተዋል። መጀመሪያ ያነሡት ጠርሙስ ካራቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ሊተዉት ይችሉ ነበር። የዓለም ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ባንድ ጠርሙስ ላይ ይንጠለጠላል።

በኤፕሪል 1930 ዓ.ም. ያሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር በአትላንታ ባደረገው ስብሰባ ላይ ሚጅሊ አዲሱን ጋዝ በሳንባው ሙሉ ሳበና በቱቦ ወደ በራ ሻማ ተነፈሰው። ሻማው ጠፋ፤ ሚጅሊ ግን ደህና ነበረ። ባንድ ትንፋሽ ጋዙ መርዝ አለመሆኑንም አለመንደዱንም አሳየ። በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስና ዱፖንት ጋዙን የሚያመርት ኩባንያ አቋቋሙ፤ ጋዙም ፍሪዮን ተባለ። ከመጀመሪያዎቹ ዋናው አር 12 የሚባለው ነው። የዚሁ ዘር የሆነው አር 22 ደግሞ በኋላ በየቤቱ የአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ ገባ። ባጎታችን መኪና ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ይኸው አር 22 ነው።

ለዚህ ሥራ ምስጋና መንፈግ ከእውነት መራቅ ነው። መድኃኒትና ደም ሳይበላሽ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፥ በቆላ አገር ሐኪም ቀዶ ጥገና የሚያደርግበት ቀዝቃዛ ክፍል፥ ምግብ ከሩቅ አገር ሳይበሰብስ የሚመጣበት መርከብ፥ እነዚህ ሁሉ ያለስጋት የተስፋፉት ፍሪዮን ከተገኘ ወዲህ ነው። በመርዝ ጋዝ ከመሞት የዳነው ሰው ብዛት ተቆጥሮ አያልቅም።

ክብሩና አሟሟቱ

ሚጅሊ በሕይወቱ ሳለ ያላገኘው ክብር የለም ለማለት ይቻላል። በ1937 ዓ.ም. የፐርኪን ሜዳይ፥ በ1941 ዓ.ም. የፕሪስትሊ ሜዳይ፥ በ1942 ዓ.ም. የዊላርድ ጊብስ ሜዳይ ተሸለመ። በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች ከ100 በላይ ናቸው። በ1944 ዓ.ም. ያሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ።

ነገር ግን በ1940 ዓ.ም. የ51 ዓመት ሰው ሳለ በፖሊዮ በሽታ ተይዞ እግሮቹ ሰለሉ። እንደ ልማዱ ለዚህም መኪና ፈጠረለት፤ ይኸውም በገመድና በመዘውር ራሱን ካልጋው እያነሣ ወደ ወንበሩ የሚያሸጋግርበት ነበር። ኖቬምበር 2 ቀን 1944 ዓ.ም. በኦሃዮ ወርዲንግተን ባለው ቤቱ በዚያው ገመድ ተጠላልፎ፥ አንገቱ ታንቆ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበረ። በገዛ ፈቃዱ ነው ብለው የጻፉም አሉ፤ ያንድን በሽተኛ የመጨረሻ ሌሊት መመርመር የኛ ድርሻ አይደለምና እናልፈዋለን።

ከሞቱ በኋላ የሆነው

ሚጅሊ ጋዙን ሲፈትን ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ ይመርዛልን? ይነዳልን? ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀውም፥ እርሱም አልጠየቀም። ከቱቦው ያመለጠው ጋዝ የት ይደርሳል?

መልሱ የመጣው በ1974 ዓ.ም. ነው። ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ የሚባሉ ሊቃውንት ይህ ጋዝ በምንም ነገር የማይበላሽ ስለሆነ ቀስ እያለ ወደ ላይኛው አየር እንደሚወጣ አስረዱ። እዚያ የፀሐይ ብርቱ ጨረር ይሰብረዋል፤ በውስጡ ያለው ክሎሪንም ይፈታል። አንዱ የክሎሪን ቅንጣት ብዙ ሺህ የኦዞን ቅንጣቶችን ያጠፋል። ኦዞን ማለት ቆዳን በካንሰር፥ ዓይንን በሞራ የሚጎዳውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከለክልልን መጋረጃ ነው። እንግዲህ የጋዙ ደግነት የተባለው፥ ማለትም ከምንም ነገር ጋር የማይጣላ መሆኑ፥ ያው ክፋቱ ሆኖ ተገኘ። በ1985 ዓ.ም. የእንግሊዝ መርማሪዎች በደቡብ ዋልታ ላይ መጋረጃው እጅግ ሳስቶ መገኘቱን አስታወቁ። ሞሊናና ሮውላንድ ከፓውል ክሩትሰን ጋር በ1995 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1987 ዓ.ም. በሞንትሪያል የተፈረመው ውል እነዚህ ጋዞች እንዲቀሩ አዘዘ። ኢትዮጵያም በ1994 ዓ.ም. የውሉ ተካፋይ ሆናለች፤ ዛሬ ከዚህ ውል ውጭ የሆነ አገር የለም። አር 22 ከአር 12 ይልቅ ለኦዞን የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ያነሰ ቢሆንም ጉዳት ስላለው፥ በታዳጊ አገሮች እስከ 2030 ዓ.ም. እንዲቀር ተወስኗል፤ ከዚያ ወዲያ ለአሮጌ መኪኖች ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ብቻ ነው። በአሜሪካ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አር 22 ማምረትም ማስገባትም ተከልክሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ፥ ኦዞንን የማይነኩ ነገር ግን ምድርን የሚያሞቁ ተተኪ ጋዞችም እንዲቀነሱ ስምምነት ተደረገ። ሊቃውንት በ2022 ዓ.ም. ባወጡት ግምት መሠረት ውሉ ከተከበረ በደቡብ ዋልታ ላይ ያለው መጋረጃ በ2066 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አንድ ሰው ባንድ ክፍል ውስጥ ያስገኘውን ነገር ለመመለስ ዓለም በሙሉ ብዙ ዓሥርት ዓመታት ይፈጅበታል ማለት ነው።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ

የአምናው ጋዝ የት ሄደ ብለን የጠየቅነው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ። ወደ ላይ ሄዷል። በደህና መኪና ውስጥ ጋዝ አያልቅም፤ ከጎደለ ቱቦው አፍስሷል። የሚያፈስ እንስራ ይዞ በየቀኑ ወንዝ የሚወርድ ሰው እንስራውን ይጠግናል እንጂ ውሃው አለቀ አይልም።

ስለዚህ ባሮጌ መኪና ጋዝ የጎደለበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውን እንጻፍ። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ማጠብ፥ ነፋሱንም መመልከት ነው። በቱቦው ላይ በረዶ ሲጋገር ሰው ሁሉ ጋዝ ጎደለ ይላል፤ ነገር ግን በአቧራ የታፈነ ማጣሪያም ያንኑ ያደርጋል። ይህ ደህና ሆኖ ሳለ ነፋሱ ለብ ካለ፥ መኪናው ያለ ዕረፍት ከሠራ፥ የመብራት ሒሳብ ከጨመረ፥ በመገጣጠሚያዎቹም ላይ የዘይት ወዝ ከታየ፥ ጋዙ ማምለጡ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር ጋዙ በሚወጣበት ቀዳዳ ዘይትም ይወጣል።

ቀጥሎ ባለሙያው ቀዳዳውን በሳሙና አረፋ ወይም በመመርመሪያ መሣሪያ ይፈልግ። በቱቦው የቀረውን ጋዝ ባየር ላይ በመልቀቅ ፈንታ በባዶ ሲሊንደር ይሰብስበው። ቀዳዳውን ከበየደ ወይም መገጣጠሚያውን ካደሰ በኋላ በናይትሮጅን ግፊት ይፈትነው። ከዚያም በፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ስቦ ያውጣ፤ እርጥበት በውስጡ ከቀረ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ሆኖ አሲድ ይፈጥራልና። በመጨረሻም በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን መጠን በሚዛን ለክቶ ይሙላው። በአር 22 መኪና ውስጥ ሌላ ዓይነት ጋዝ እንደ ነገሩ መጨመር አይገባም። አንዳንዱ ግፊቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ቱቦውን ያፈነዳል፤ አንዳንዱ ይነዳል። ቀዳዳው በማቀዝቀዣው ቱቦ ሆድ ውስጥ ከሆነና መኪናው ካረጀ ደግሞ መለወጡ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ላጎታችን ነገርናቸው። አጎታችን ብልህ ሰው ናቸውና አንድ ከባድ ነገር መለሱልን። ሰማዩን የቀደዱት ሀብታሞቹ አገሮች ሆነው ሳለ፥ የድሬዳዋ አንድ አሮጌ መኪና ምን ያህል ሊጎዳ ኖሮ ነው እኔ ወጪ የማወጣው የሚል አሳብ ነው። መልስ ለማግኘት ጥቂት ጸጥ ማለት ነበረብን። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ባብዛኛው የነሱ ነው። ነገር ግን ወጪውን በወረቀት ላይ ስናሰላው ሌላ ነገር አየን። ጋዝ የጎደለበት ኮምፕሬሰር የሚያቀዘቅዘው ተመላሽ ጋዝ ስለሚያንስበት እየጋለ ሄዶ ይቃጠላል። በየዓመቱ የሚገዛው ጋዝ፥ በከንቱ የሚነደው መብራት፥ መጨረሻ ላይም የሚቃጠለው ኮምፕሬሰር ሲደመሩ ከጥገናው ዋጋ በለጡ። እንግዲህ ሰማዩን ትተን ኪስን ብቻ ብናይ እንኳ ቀዳዳውን መድፈን ይሻላል ማለት ነው። አጎታችን ሌላ ባለሙያ አስመጡ። ቀዳዳው ከውጭው ክፍል ጋር በሚገናኘው የመዳብ መገጣጠሚያ ላይ ተገኘ፤ ወዙ ለብዙ ዓመት ሲንጠባጠብ ኖሮ ግድግዳውን አጥቁሮት ነበር። ያን ጥቁረት ሁላችንም አይተነዋል፤ ምን እንደ ሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ፍርዳችን

ስለ ሚጅሊ በመካከላችን ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ከሰው ሁሉ ይልቅ ምድርን የጎዳ ሰው ነው አልን። ሌሎቻችን የዘመኑ ሰው ነበረ፥ ባላወቀው ነገር ሊፈረድበት አይገባም አልን። ክርክሩን ያበቃልን ሁለቱን ሥራዎቹን ለይቶ ማየት ነው።

በእርሳሱ ጉዳይ ሚጅሊ ያውቅ ነበር። ታሞበታል፤ ሰው ሲሞትበት አይቷል፤ ሌላ መንገድ መኖሩንም ያውቃል። እያወቀ እጁን በመርዝ መታጠቡ ምርመራ አይደለም፥ ሽያጭ ነው። በዚህ እንፈርድበታለን። በፍሪዮን ጉዳይ ግን በጊዜው የሚታወቀውን አደጋ ሁሉ በቅንነት ፈትኗል። የላይኛውን አየር ነገር በ1928 ዓ.ም. ያወቀ ማንም አልነበረም፤ የተገለጠውም እርሱ በሞተ በ30 ዓመቱ ነው። በዚህ አንፈርድበትም።

ከዚህ ፍርድ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ለኛም ከባዱ እርሱ ነው። ሚጅሊ ሳያውቅ ያደረገውን ዛሬ እያወቅን የምናደርግ ከሆነ፥ ማለትም ቀዳዳውን ሳንፈልግ ጋዝ ብቻ እየሞላን የምንኖር ከሆነ፥ የቆምነው በፍሪዮኑ ሚጅሊ ቦታ ሳይሆን በእርሳሱ ሚጅሊ ቦታ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከመካከላችን ነገ ፋብሪካ የሚያቆም፥ መድኃኒት የሚቀምም፥ ግድብ የሚሠራ፥ ሕግ የሚያረቅቅ ይወጣል። ሁላችንም በፈተና የምንጠየቀው ነገሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም ተብሎ ነው። ሚጅሊ በዚህ ፈተና ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣ ነበር። እኛ ግን ካንድ ሥራ ፊት በቆምን ቁጥር፥ ሥራውን ከመጨረሳችን በፊት፥ ከዚህ የሚወጣው ነገር የት ይሄዳል ብለን እንጠይቅ። መልሱን ባናውቅ እንኳ ጥያቄውን ጽፈን ለተከታዮቻችን እንተውላቸው። ባጎታችን ግድግዳ ላይ እንዳየነው ያለ ጥቁር ወዝ በየቤታችን ሞልቷልና።